ድሬዳዋ ላይ በልግ ሲቀር፦ ድርቅና ሙቀት የተደረቡበትን ወቅት በቤት ውስጥ እንዴት እናልፋለን?

የመጋቢትና የሚያዝያ ደመና ከሐረር ተራሮች አናት ላይ ተሰብስቦ ሳይዘንብ ሲበተን፣ ድሬዳዋ ላይ የኖረ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ግንቦትና ሰኔ የዓመቱ ሙቀት የሚበረታባቸው ወራት ናቸው፤ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። በልግ ከዘነበ መሬቱ ረጥቦ ትንፋሽ እናገኛለን። ከቀረ ግን የሐምሌ ዝናብ እስኪደርስ ሙቀቱና የውሃ እጥረቱ ተደርበው ይመጣሉ። የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ይሆናል፣ ፈረቃው ይራዘማል፣ ግቢው ውስጥ ያለው ጀሪካንም በቁጥር ይበዛል።

ይህን የምጽፈው ለከተማ ቤተሰብ ነው። ከብትና ግመል ይዞ ውሃ ፍለጋ የሚጓዘው አርብቶ አደር የሚገጥመው ፈተና ከዚህ እጅግ የከበደ ነውና በዚህ ጽሑፍ አልደፍረውም። ነገር ግን ከእርሱ የምንማረው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። ድርቅ አንድ ወቅት ብቻ ቆይቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚደረግ ሩጫ አድርጋችሁ አትያዙት። ወራት ልትኖሩበት የምትችሉት የቤት ሥርዓት አድርጉት።

መጀመሪያ ውሃውን ቁጠሩ

ብዙ ሰው ውሃ ሲጠፋ ነው መቁጠር የሚጀምረው። እናንተ ቧንቧው ገና በሚመጣበት ሳምንት ጀምሩ። በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና ቢያንስ 15 ሊትር በቀን ያስፈልጋል ተብሎ ይታሰባል። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 75 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ፈረቃው በሳምንት አንድ ጊዜ ከሆነ 525 ሊትር ማጠራቀም ይኖርባችኋል። ሁለት ባለ 200 ሊትር በርሜልና ሰባት ጀሪካን ይህንን ያህል ይይዛሉ። ሮቶ መግዛት የማይችል ቤተሰብ በዚህ ይቋቋማል።

ከዚያ ዕቃውን በሥራ ክፈሉት። ለመጠጥና ለምግብ የተለየው ጀሪካን ለሌላ ነገር ፈጽሞ አይነካ። አፉ ጠባብ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ይሁን፤ በቀይ ጨርቅ ወይም በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ልጆችም ይወቁት። ውሃው በኩባያ ተጠልቆ አይውጣ፤ ይቀዳ። እጅ የገባበት ውሃ ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ እንኳ በሁለተኛው ቀን ንጹሕ አይደለም። በድርቅ ወራት ተቅማጥ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሰው ውሃ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቀንሰው እጅ መታጠቡን ነው። እባካችሁ ከሌላው ሁሉ ቀንሱ እንጂ ከእጅ መታጠቢያው አትቀንሱ። ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን በምስማር በስታችሁ ከሳሙና ጋር በመጸዳጃው ደጅ ብትሰቅሉት በጣም ጥቂት ውሃ እጅን በደንብ ያጥባል።

አንዱ ውሃ ሁለትና ሦስት ሥራ ይሥራ። አትክልት የታጠበበት ለዕቃ የመጀመሪያ ማለቅለቂያ፣ ልብስ የታጠበበት ደግሞ ለመጸዳጃ ይሁን። ሰውነት የታጠባችሁበት ውሃ ለሎሚና ለማንጎ ዛፍ ሥር ይጠቅማል፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ቆስጣ ግን አታጠጡት። ዛፍ የምታጠጡት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በቀን የፈሰሰው ከሥሩ ሳይደርስ ይተናል። ሥሩን በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ሸፍኑት።

በቦቴ መኪና ወይም በአህያ ጋሪ የመጣ ውሃ ከየት እንደተቀዳ ካላወቃችሁ አክሙት። አንድ ደቂቃ ሙሉ ፈልቶ የተንደቀደቀ ውሃ ለመጠጥ ይበቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቦታዎች ሦስት ደቂቃ ነው። ከሰልና ማገዶ ሲወደድ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን የውሃ ማከሚያ እንደ ውሃ አጋር ያለውን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከሱቅ የሚገዛ በረኪናን በግምት መጨመርን አልመክርም፤ የብርታቱ መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ምንም ከሌላችሁ ደግሞ ፀሐዩ ራሱ አለ። የጠራ ውሃ በንጹሕና ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ ቆርቆሮ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አስመቱት፤ ሰማዩ በአብዛኛው ደመናማ ከሆነ ሁለት ቀን። ውሃው ከደፈረሰ በመጀመሪያ አጥልሉት፣ ካልጠራ አይሠራም።

በነገራችን ላይ፣ የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር ስለሚወጣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። እንግዶች ይደነግጣሉ። ማዕድን ነው፣ አያሳምምም፤ በሎሚ ጭማቂ ይለቃል።

ጀሪካናችን ውስጥ የሚያድገው ጠላት

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ሰው የማያስበው አደጋ ይህ ነው። ወባ የዝናብ በሽታ ነው ስንባል አድገናል። ረግረግ ከሌለ፣ ኩሬው ከደረቀ፣ ትንኝም የለም ብለን እንተኛለን። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ከእስያ የመጣ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚባል የወባ ትንኝ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘ። ይህ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም። በበርሜል፣ በሮቶ፣ ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2022 (በ2014 ዓ.ም.) ድሬዳዋ ላይ ወባ ሊቀንስ በሚገባው የደረቅ ወቅት ወረርሽኝ ሲነሳ፣ ተመራማሪዎች ከዚሁ ትንኝ ጋር አያይዘውታል። ከእርሱ ሌላ ደንጌና ቺኩንጉኒያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የሚያስተላልፈው ኤደስ የተባለው ትንኝ አለ፤ እርሱም የሚወደው የቤት ውሃ ነው። ደንጌ ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉኒያ ደግሞ በ2019 አንቀጥቅጧታል።

ስለዚህ ድርቁ ራሱ፣ ውሃ እንድናጠራቅም በማስገደድ፣ ትንኙን ወደ ግቢያችን ይጋብዛል። መከላከያው ግን በእጃችን ነው።

ውሃ የያዘ ዕቃ ሁሉ ይከደን። ክዳኑ የጠፋበት በርሜል ላይ ጥቅጥቅ ያለ ነጠላ ወይም የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ደርባችሁ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በጎማ እሰሩት። የሮቶው መተንፈሻና ማፍሰሻም በወንፊት ይሸፈን፤ ክዳን ያለው ሮቶ በእነዚህ ቀዳዳዎች ምክንያት ዋና መራቢያ ሆኖ አይቻለሁ።

በሳምንት አንድ ቀን ምረጡ፤ እኛ ቤት ቅዳሜ ነው። ትንኙ ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ እስከሚያወጣ ድረስ በሞቃት ቦታ ሳምንት ገደማ ብቻ ይፈጅበታልና ከሳምንት በላይ የሚቆም ውሃ አይኑር። በዚያ ቀን በርሜሉ ባዶ ሲሆን ግድግዳውን በብሩሽ ወይም በአሸዋ ፈትጉት። ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም። የኤደስ እንቁላል በዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። የታጠበበትን ውሃ መሬት ላይ ድፉት፤ ለዛፍ ይሆናል። የአሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ገል፣ የዶሮ መጠጫ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለውን ሳህን አትርሱ።

ሙቀቱ ሲበረታ ውጭ ግቢ ውስጥ አልጋ ዘርግቶ መተኛት የከተማችን ደግ ልማድ ነው፤ አጎበር ሳይዘረጋ ግን አይሁን። ትኩሳት የያዘው ሰው ሳይመረመር አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይውሰድ፤ ደንጌ ከሆነ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። እስኪመረመር ፓራሲታሞል ይሻላል።

ቤቱን ማቀዝቀዝ

የድሬዳዋን የድሮ ሰፈር፣ የከዚራን፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ከፍ ያለ ጣሪያ ያየ ሰው የድሮ ግንበኞች ሙቀቱን እንዴት እንደተረዱት ይገባዋል። አብዛኞቻችን ግን በቆርቆሮ ሥር ነን። የቆርቆሮ ቤት ዋናው ሥራው ጣሪያው ላይ ነው። ኮርኒስ ከሌለው ጨርቅም ሆነ ሰሌን ወጥራችሁ በቆርቆሮውና በራሳችሁ መካከል አየር ይኑር። ጣሪያውን በኖራ ወይም በነጭ ቀለም መቀባት ፀሐይዋን ይመልሳል፤ ከምታደርጉት ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ይመስለኛል። መስኮቱን ከውጭ በኩል ጥላ አድርጉለት፤ መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ሙቀቱ ቀድሞ ገብቷል።

መስኮት የመክፈትና የመዝጋት ሰዓት ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ውጩ ከውስጥ የበለጠ ሲሞቅ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ጀምሮ፣ ዝጉ፣ ጋርዱ። ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ውጩ ሲበርድ በሁለት ፊት ያሉትን ከፍታችሁ ነፋስ አሳልፉ። ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ማዋል ምድጃ ውስጥ አየር እንደመንፋት ነው።

የኤሌክትሪክ ማራገቢያ የቤቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በታች እስከሆነ ይረዳል። ከዚያ ካለፈ የጋለ አየር በሰውነታችሁ ላይ እየነፋ ያባብሳል። በዚያን ጊዜ ቆዳን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ፣ እግርን በሳፋ ውሃ ውስጥ መንከር ይሻላል፤ ያ ውሃ ለመጸዳጃ ይሆናል።

የመጠጥ ውሃ ለማቀዝቀዝ ፍሪጅ የሌለው ሰው እንስራውን አይናቅ። ውሃው በገሉ ቀዳዳ ላብ እያላበ ሲተን የውስጡን ያቀዘቅዛል፤ አየሩ ደረቅ በሆነ ቁጥር ሥራው ይበልጣል። በዚሁ ዘዴ አነስተኛ ማቀዝቀዣ ይሠራል፦ ትንሹን ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስገቡ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኑ፣ ነፋስ በሚነካው ጥላ አስቀምጡ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን ውሃ በማይገባው ከረጢት አድርጎ እዚያ ማቆየት ይችላል። ኢንሱሊን ፀሐይ ያገኘው መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ አይቀመጥ።

ቀኑን በሰዓት መከፋፈል

ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው የፀሐይዋ ጊዜ ነው፤ ሱቆቻችን በዚያ ሰዓት የሚዘጉት በስንፍና አይደለም። ከባዱን ሥራ ከ12 እስከ 4 ሰዓት ጠዋት ጨርሱ። እንጀራ የሚጋገረው በሌሊት ወይም ጎህ ሲቀድ፣ ቢቻል ከቤት ውጭ ነው። ሙቀቱ ሊጡን ቶሎ ያኮመጥጠዋልና እንደ ወትሮው ቀን አትቁጠሩለት፤ ጠዋትና ማታ እያያችሁ ፈጥናችሁ ጋግሩ። ወጥ ለአንድ ጊዜ የሚበቃ ብቻ ይሠራ፣ ያደረ አይበላ።

ውጭ መሥራት የግድ የሆነባችሁ፣ ግንበኞችና ሸክም የምትሠሩ፣ ጥማት ሳይሰማችሁ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ጠጡ። ያለማቋረጥ ሲላብ ለሰዓታት ውሃ ብቻ መጠጣት ጨውን ያጥባል፤ ምግብ ብሉበት። በሶ በጥብጦ ትንሽ ጨው ጣል ማድረግ ለዚህ የተሠራ መጠጥ ነው። ሽንታችሁን ተመልከቱ፤ ደማቅ ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ ውሃ አንሶባችኋል። ጫት ለሚቅሙ ሰዎች ልነግር የምፈልገው፣ ጫት ረሃብንም ጥማትንም ያስረሳል፣ ስለዚህ ውሃውን በሰዓት ጠጡ እንጂ ጥማትን አትጠብቁ።

ልብስ ሰፊ፣ ስስና ጥጥ ይሁን። ድሪያና ሽርጥ እዚህ የለመድነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ሕፃናት አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን በዚህ ሙቀትም ቢሆን ውሃ አይሰጠው። የእናት ጡት በቂ ውሃ አለው፤ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ እናቲቱ ብዙ ትጠጣ። ልጅን በቆመ መኪና ውስጥ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አትተዉ።

ነፍሰ ጡር፣ አጥቢ እናት ወይም ታማሚ የሆነ ሰው በጾም ወቅት የሃይማኖት አባቱንና ሐኪሙን ይጠይቅ። የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም፣ በተለይ የሽንት ማብዢያ ክኒን ካለበት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በራሳቸው ግን አያቋርጡ።

«ምች ነው» ከማለታችሁ በፊት

ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያስታውከው፣ ሲዝለፈለፍ፣ መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው ቃል «ምች» ነው። እናቴም እንዲሁ ትል ነበር፤ ዳማከሴ ጨምቃ ታሸተናለች፣ ታለብሰናለች። ዳማከሴን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ሽታው አሁንም ቤቴ ውስጥ አለ። ነገር ግን በሙቀት የተመታን ሰው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በእንፋሎት ማጠን ሊገድለው ይችላል። ሰውነቱ እየነደደ ያለን ሰው ላይ እሳት እንደመጨመር ነው።

ሁለቱን ደረጃዎች ለዩ። የመጀመሪያው በሙቀት መድከም ነው፦ ብዙ ያልበዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ አእምሮው ግን ልክ ነው። ጥላ ውስጥ ይረፍ፣ ልብሱ ይላላ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይታበስ፣ ኦአርኤስ በዝግታ ይጠጣ። የኦአርኤሱ ከረጢት ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አዋሕዱ። ጨው አታብዙ፤ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ድፉትና እንደገና ሥሩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ወደ ጤና ጣቢያ።

ሁለተኛው ሐኪሞች ሂት ስትሮክ የሚሉት ነው፤ የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። መለያው አእምሮ ነው። የሚናገረው ይዘበራረቃል፣ ሰው አይለይም፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል ወይም ራሱን ይስታል። ቆዳው ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ሲሠራ የወደቀ ሰው ግን እያላበውም ሊሆን ይችላልና በላቡ አትዘናጉ። ይህን ስታዩ፦

1. ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፤ ካልመጣ ባጃጅም ቢሆን አዘጋጁ።
2. እስኪመጣ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ አቀዝቅዙት። ልብሱን አውልቁ፣ ውሃ በመላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ ሁለት ሰው ያራግብለት። ለሳምንት የቆጠባችሁት ጀሪካን የሚፈስሰው ዛሬ ነው፤ አትሳሱ።
3. በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ጠርሙስ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በብብቱ፣ በአንገቱና በብሽሽቱ አድርጉ።
4. ራሱን የሳተ ወይም የተምታታበት ሰው በአፉ ምንም አይሰጠው፤ ውሃም፣ ቡናም፣ ጠበልም ቢሆን። በጎኑ አስተኙት።
5. ፓራሲታሞል አትስጡት፤ ይህ ትኩሳት ከበሽታ የመጣ አይደለምና አይሠራለትም።
6. በመንገድ ላይም ማርጠቡንና ማራገቡን አታቁሙ።

በዚህ አደጋ በብዛት የሚጠቃው ጸጥ ብሎ ቤቱ የተኛ አዛውንት ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማት እንደ ወጣት አይሰማውም። በሰፈራችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አባባና እማማ ካሉ፣ በእድራችሁ በኩል ስማቸውን ይዛችሁ ጠዋትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በር የሚያንኳኳ ወጣት መድቡ። ሲገባ «ደህና ነዎት?» ብሎ ብቻ አይመለስ። ውሃ ቀድቶ ሲጠጡ ይይ፣ መስኮቱን ያስተካክል፣ ጀሪካናቸው ባዶ ከሆነ ይሙላ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ

ሐምሌ ሲቃረብ አሸንዳውን ጥረጉ። ወራት ሙሉ አቧራና የወፍ ኩስ የተጠራቀመበት ጣሪያ ነውና የመጀመሪያውን ዝናብ ለመጠጥ አትያዙት፤ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ የሚወርደውን በርሜል ውስጥ አስገቡ፣ ክደኑ።

በከተማችን የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ስለቆየ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሰው የሚሻገርበት ሜዳ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ደርቆ የጠነከረ መሬት ውሃ አይመጥም፤ ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ከተራራው ሊደርስ ይችላል። በደቡብ በኩል ተራራው ላይ ሲጠቁር ወይም ሲያንጎደጉድ ልጆቹን ከአሸዋው ላይ ጥሩ፤ አዳራቸው በወንዙ ዳር የሆነ ሰዎችም በዚያ ሌሊት ከፍ ወዳለ ዘመድ ቤት ይሂዱ።